የስምንት መቶ ጎማ አመድ

መጋዘኑ የተቃጠለው አርብ ቀትር ላይ ነው፤ ወንዱ ሁሉ መስጊድ በነበረበት ሰዓት። ቅዳሜ ጠዋት የግብር ቢሮ ሰዎች ጎማ ሊቆጥሩ መጡ። የጠበቃቸው አመድ ነው።

ኢንስፔክተር ቡራሌ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ሐርጌሳ ተወልዶ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከእናቱ ጋር ተሰዶ፣ ጅግጅጋ ያደገ ሰው ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ሶማሊኛም አማርኛም ይችላል። በሁለቱም ግን ጥቂት ነው የሚናገረው።

መጋዘኑ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ ከሱቆቹ ጀርባ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ የብረት በሩ እንደተቆለፈ ነበር፤ ባለቤቱ ነው የከፈተላቸው። ያልተሰበረ ቁልፍ ቡራሌን ሁልጊዜ ያሳስበዋል።

ባለቤቱ ሰሀል በሩ አጠገብ ቆሟል። ጢሙን ሂና የተቀባ፣ ወፈር ያለ ነጋዴ ነው።

«የኤሌክትሪክ ነው» አለ ሳይጠየቅ። «ስምንት መቶ ጎማ! አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደው።»

«ቁልፉ እነማን ዘንድ አለ?»

«እኔ ዘንድ። የሂሳብ ሠራተኛዬ ዘንድ።»

«እሳቱ ሲነሳ የት ነበርክ?»

«አርብ ቀትር ላይ የት እሆናለሁ? ጁምዓ ነዋ! ከፊተኛው ረድፍ። ከፈለግክ ሁለት መቶ ሰው ጠይቅ።»

«ሠራተኛህስ?»

ሰሀል እጁን አነሳ። «ልክየለሽ ሐበሻ ናት፣ ክርስቲያን ናት። እሷ መስጊድ ምን ታደርጋለች? የት እንደነበረች እሷን ጠይቅ።»

ቡራሌ ወደ ውስጥ ገባ። ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንዱ ቱቦ እየጠቀለለ ነበር።

«ለማጥፋት ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?»

«አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም።»

«ሌሊት ማን ጠበቀው?»

«የእናንተ ሁለት ፖሊሶች። ድመት አላስገቡም።»

ቡራሌ በልጅነቱ ጅግጅጋ ጎሚስታ ቤት ሠርቷል። ጎማ በሁለቱም ጠርዙ የተጠቀለለ ሽቦ እንዳለው ያውቃል። ላስቲኩ ነድዶ ሲያልቅ ሽቦው ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ለአንድ ጎማ ሁለት። ብትር ፈልጎ አመዱን ከዳር እስከ ዳር ገላለጠ። ቀስ ብሎ ቆጠረ። ስልሳ ስድስት ክብ ሽቦ አገኘ። ለማንም አልተናገረም።

በጀርባው ግድግዳ ላይ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ያለ መስኮት አለ። መስታወት የለውም። ከሥሩ ግማሹ የቀለጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ወድቋል። አንስቶ አሸተተው። ቤንዚን ነው። እሳቱን ያስነሳው ሰው ቁልፍ አላስፈለገውም ማለት ነው።

*

ልክየለሽን ጣቢያ ያመጣት ማህዲ ነው። ማህዲ የግብር ወረቀት አዘጋጅ ነው። በመጋዘኑ መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች የግማሾቹን የግብር ማስታወቂያ ቅጽ እሱ ነው የሚሞላው። አዲስ አበባ ተምሯል። አማርኛው ከቡራሌ ይጠራል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ለሁሉም ወንበር የሚስብ ሰው ነው። ለእሷም ሳበላት።

«ተቀመጪ፣ ልክዬ። አትፍሪ።»

ልክየለሽ አርባ ዓመት የሚጠጋት ቀጭን ሴት ናት። ከድሬዳዋ መጥታ ሐርጌሳ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ ሸፍናለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። አይንቀሳቀሱም።

ቡራሌ ከግብር ቢሮ የመጣውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ከሦስት ሳምንት በፊት የገባ ነው። ስምንት መቶ ጎማ ሳይሸጥ መጋዘን እንዳለ፣ ስለዚህም የሽያጭ ግብር እንደማይከፈልበት ይላል። ቆጣሪ ብላ የፈረመችው ልክየለሽ ናት። ባለቤት ብሎ ሰሀል ፈርሟል። ከታች የአዘጋጁ የማህዲ ማኅተም አለ።

«ጎማውን ቆጥረሽዋል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«የጠየቅሁሽ ቆጥረሽው እንደሆነ ነው።»

ማህዲ ጣልቃ ገባ። «ደንግጣለች፣ ኢንስፔክተር።»

«እሳቱ ሲነሳ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ተኝቼ ነበር።»

ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው። ቡራሌ ይህን አይወድም። እውነት የሚናገር ሰው ትንሽ ያስባል።

ማህዲ ወደ በረንዳው ወሰደው።

«እኔ አነጋግሬያታለሁ። ጎማውን ከባለቤቱ ተደብቃ ሸጣለች። የግብር ቢሮውን ያሳሳተችው እሷ ናት። ታምናለች፤ ወረቀቱን እያዘጋጀሁላት ነው።»

«ታምናለች ወይስ አሳመንካት?»

ማህዲ ፈገግ አለ። «ለራሷ ብዬ ነው። ፍርድ ቤት የግብር ቢሮን ያሳሳተ ሰው ሲቀርብለት ምን እንደሚያይ ታውቃለህ። ማን አወቀ፣ ማን ተጠቀመ፣ ማን ቀድሞ አመነ። ሳይያዝ ቀድሞ ያመነ በመቀጫ ይወጣል። እሷ መቀጫ ከፍላ አገሯ ትገባለች። ዝም ካለች ግን እሳቱም ይጨመርባታል። እሳት ዓመታት ነው።»

«ወረቀቱ መቼ ይደርሳል?»

«ረቡዕ ጠዋት ከዐቃቤ ሕጓ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል።»

ቡራሌ ልክየለሽን ጣቢያው ውስጥ አስቀራት። ማህዲ ሲወጣ የበር ጠባቂዋን ስለ ልጆቿ ጠየቀ። የልጆቿን ስም ያውቃል።

*

ልክየለሽ 26 ጁን ሰፈር በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። አከራይዋ ኢልሃን የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልብስ እያሰጣች መለሰችለት።

«አርብ ቤቷ ተኝታ ነበር?»

«ተኝታ? አርብ? ወላሂ፣ ዘጠኝ ዓመት አርብ ቀን ፊቷን አላየሁም። ጠዋት በአራት ሰዓት ምግብ ይዛ ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ነው የምትመለሰው።»

«ወዴት?»

«ሼክ ኑር ሰፈር ዘመድ አለኝ ትላለች፣ ከውሃ ማከፋፈያው ጀርባ። እኔ ምን አገባኝ? ኪራይ በቀኑ ትከፍላለች፣ ድምፅ የላትም። እንደ እሷ ያለ ተከራይ ካለህ አምጣልኝ።»

ልክየለሽ ዋሽታለች። ቡራሌ ይህን በደብተሩ አሰፈረ።

ከዚያ ቢጫውን ጀሪካን በፌስታል ይዞ ከመጋዘኑ ጀምሮ በመንገዱ ወረደ። ቤንዚን በዘይት ጀሪካን የሚሸጡ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሦስተኛዋ ኢልዋድ ናት፤ ጃንጥላ ሥር የተቀመጠች ደንዳና ሴት። እቃውን ስታየው አወቀችው።

«የእኔ ነው። አንገቱ ላይ ቀይ ክር የማስረው እኔ ነኝ። አየህ፣ ክሩ ትንሽ ተርፏል።»

«አርብ ቀን ከአንቺ ማን ገዛ?»

«አዴር፣ አጎቴ፣ ከጁምዓ በፊት እኮ ነው! ሁሉም ይቸኩላል፣ ሁሉም ይጮኻል። እኔ የሰው ፊት አላይም። ስልኬን ነው የማየው። ገንዘቡ ከገባ ጀሪካኑ ይሄዳል።»

«እስቲ ስልክሽን አሳዪኝ።»

ሐርጌሳ ውስጥ ሻይ የሚጠጣም፣ ጫማ የሚያስጠርግም በስልክ ነው የሚከፍለው። የአገሩ ብር በጆንያ ካልተያዘ አይበቃም። ኢልዋድ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ገፋች። አርብ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የአንድ ጀሪካን ቤንዚን ዋጋ። የላከው ሰው ስም ከቁጥሩ ጋር ወጥቷል።

ልክየለሽ።

*

እሑድ ጠዋት ቡራሌ አስጠራት። እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው። ጣቢያው በሰው ተሞልቶ ነበር።

«ቤንዚኑ የተከፈለው በአንቺ ስም ነው።»

ፊቷ አልተለወጠም።

«የሱቁ ስልክ ነው። ሰሀል ሌሎች መስመሮች ስላሉት ይቺን በስሜ አወጣናት። መሳቢያ ውስጥ ነው የምትቀመጠው።»

«የምስጢር ቁጥሩን ማን ያውቃል?»

«እዚያ የሚገባ ሁሉ ያውቃል። በግድግዳው ላይ ተጽፏል።»

«አርብ ማን ወሰደው?»

«አላውቅም። አርብ ዝግ ነን።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ።»

«አልነበርሽም። ኢልሃንን ጠይቄያለሁ።»

እጆቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሱ። አንዱ ሌላውን ያዘ።

«ኢንስፔክተር፣ ማህዲ የሚያመጣውን ወረቀት ልፈርምና ይለቅ። እኔ ነኝ የሸጥኩት ብዬ እፈርማለሁ።»

«ጎማውን ለማን ሸጥሽ?»

«ለ… ለሰዎች።»

«በስንት?»

ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበችው።

«ጎማው ሲሸጥ ማን ጫነው? በምን መኪና?»

«እባክዎ» አለች። «ልፈርምና ይለቅ። አገሬ ልግባ።»

ቡራሌ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው ከእስር ለማምለጥ የሚዋሽ ሰው ብዙ አይቷል። ወደ እስር ለመግባት የምትዋሽ ግን አላየም። ይህች ሴት ከወህኒ ቤት ይልቅ የምትፈራው ነገር አለ። የምትፈራው ነገር ደግሞ «አርብ የት ነበርሽ» የምትለዋ ጥያቄ ናት። ወረቀቱን ከፈረመች ጥያቄዋን ማንም አያነሳም።

ወረቀቱ ረቡዕ ይደርሳል። ሦስት ቀን አለው።

*

ሼክ ኑር ከውሃ ማከፋፈያው ጀርባ ቤቶቹ ከቆርቆሮ፣ ከሸራና ከብሎኬት የተገጣጠሙ ናቸው። ሰኞ ከሰዓት ነበር። ቡራሌ የፖሊስ ልብሱን ትቶ በሽርጥ ሄደ። ሐበሾች የሚኖሩበትን ግቢ ጠየቀ። አሳዩት።

በሩን የከፈተው ወንድምአገኝ የሚባል የልስን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ክንዱ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ቡራሌ በአማርኛ ሰላም ሲለው አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

«ፖሊስ ነኝ። ስለ ልክየለሽ ነው።»

ወንድምአገኝ ግራና ቀኝ አይቶ አስገባው።

ክፍሉ ትንሽ ነው። አንድ ፍራሽ አለ። ከጥጉ ደግሞ የፕላስቲክ ወንበሮች እላይ በላይ ተደርድረዋል፤ ቡራሌ አሥራ አምስት ቆጠረ። አንድ ሰው ለሚኖርበት ቤት ይበዛሉ። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ሚስማር አለ። ከሚስማሩ ሥር ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ይታያል፤ በቅርቡ ከዚያ የወረደ ሥዕል አለ።

ቡራሌ አንዱን ወንበር አውርዶ ተቀመጠ። ምን እንዳየ ሰውየው አወቀ።

«እዚህ ሰው ይሰበሰባል» አለ ቡራሌ።

ወንድምአገኝ ከንፈሩን ነከሰ።

«ለምሳ?» አለ ቡራሌ።

ሰውየው ቀና ብሎ አየው። «ለምሳ» አለ ቀስ ብሎ።

«አርብ አርብ?»

«አርብ አርብ ነው፣ ጌታዬ። እሑድ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን።»

«ባለፈው አርብ ልክየለሽ ነበረች?»

«ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነበረች። እስከ ዘጠኝ አልወጣችም። ሽሮውን እሷ ናት ያቀረበችው።»

«ስንት ሰው አያት?»

«አሥራ አራት።»

«የአሥራ አራቱን ስም ስጠኝ።»

ወንድምአገኝ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እጁን። «የእኔን እሰጥዎታለሁ» አለ። «ወንድምአገኝ። ሌላ ስም የለኝም። ከፈለጉ አሁኑኑ እሄዳለሁ። ጫማዬን ላድርግ።»

ጫማውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። የምሩን ነው።

«ተቀመጥ» አለው ቡራሌ። «አንድ ነገር ንገረኝ። አርብ ምሳ እንደምትበሉ ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«አስብ።»

ወንድምአገኝ አሰበ። «የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀታችንን የሚያሠራልን ሰው አለ። አንድ ጊዜ አርብ ቀን መጥቶብን ነበር። ጥሩ ሰው ነው። ለማንም አልነገረም።»

«ስሙስ?»

ነገረው። ቡራሌ በደብተሩ አላሰፈረውም። መንገድ ላይ እስኪደርስ ድረስ ስሙን በልቡ ያዘው።

አንድ ሰው እሳት የሚለኩስበትን ሰዓት መርጧል። ወንዶቹ ሁሉ ምስክር ያላቸው ሰዓት ነው። ልክየለሽም ምስክር አላት፤ ግን ልትጠራቸው አትችልም፤ እዚህ አገር ለክርስቲያን ጸሎት የተሰበሰበ ሰው ታስሮ ይባረራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው የመረጠው። ሆኖም ማወቅ ማስረጃ አይደለም።

*

ማክሰኞ ጠዋት ሰሀል ሱቁ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነበር። ቡራሌ አንድ የተቃጠለ ክብ ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የጎማ ሽቦ።»

«አንድ ጎማ ስንት አለው?»

ሰሀል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሁለት።»

«ስልሳ ስድስት ነው ያገኘሁት። ሠላሳ ሦስት ጎማ። የቀረው ሰባት መቶ ስልሳ ሰባት ጎማ ሽቦውን ይዞ ወደ ሰማይ በረረ?»

«ብረት ለቃሚዎች ይሆናሉ…»

«እሳቱ ከጠፋ ጀምሮ ፖሊስ በሩ ላይ ነበር።»

ሰሀል ጢሙን ይዞ ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ። ወፈር ያለ ሰው ሲቀንስ እንዲህ ነው የሚታየው።

«ሸጥኩት» አለ። «ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሸጥኩት። አልተሸጠም ብለህ አስመዝግብ፣ ማንም አይቆጥርም ተባልኩ። ሴትየዋ ምንም አታውቅም። ወረቀት ሰጠኋት፣ ፈረመች። እሳቱን ግን እኔ አላስነሳሁም! በልጆቼ! ቆጣሪዎቹ ሲመጡ መቀጫውን ልከፍል ተዘጋጅቼ ነበር።»

«ማን ነው ያስመዘገበልህ?»

«ማኅተሙን አይተኸዋል።»

«አርብ መስጊድ ከማን ጋር ገባህ?»

«ከማህዲ ጋር። በር ላይ ተገናኘን። እኔ እንደ ልማዴ ፊት ሄድኩ። እሱ ሰው ስለበዛ ኋላ ቀረ። ሲያልቅ በሩ ላይ ጨበጠኝ፤ ዱዓ አድርግልኝ አለኝ።»

«ኢማሙ ሲናገር እዚያው ነበር?»

ሰሀል እንደ ሞኝ አየው። «አንተ ሙስሊም አይደለህም እንዴ? በኹጥባ መሃል ማን ነው ዞሮ የሚያይ? መናገር እንኳ አይፈቀድም።»

ቡራሌ ይህን ያውቃል። ግን ከሰሀል አፍ ሊሰማው ፈልጎ ነበር። መስጊድ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ነበረ። ሁለት መቶውም ወደ ፊት ነው የሚያየው። ኋላ የተቀመጠ ሰው ውዱኤ ፈርሷል፣ ልታጠብ ብሎ ቢወጣ፣ መጋዘኑ ሁለት መታጠፊያ ነው። ሶላቱ ሲጠናቀቅ መንገድ ላይ ከተዘረጋው ምንጣፍ ጫፍ ቢቆም ማንም አይጠይቀውም።

«የሱቁ ስልክ ሐሙስ የት ነበር?»

«ማህዲ ወስዶት ነበር። ለቆጣሪዎቹ የክፍያ ዝርዝር አወጣበታለሁ ብሎ። ቅዳሜ መለሰው።» ሰሀል አፉን ከፍቶ ቀረ። «አዑዙ ቢላህ» አለ።

«ለማንም እንዳትናገር።»

ቢሆንም ይህ የሰሀል ቃል ብቻ ነው። ሰሀል የግብር ቢሮን ያታለለ ሰው ነው። ዳኛ የውሸታምን ቃል በውሸታም ላይ አይቀበልም። ቡራሌ ወደ ስልክ ኩባንያው ሄዶ የዚያን ቁጥር የአርብ ዝርዝር ጠየቀ። እስከ ስምንት ሰዓት አስጠበቁት።

ዝርዝሩ አጭር ነበር። አርብ ቀን ሁለት ክፍያ ብቻ አለ። አንዱ ለኢልዋድ፣ ለቤንዚኑ። ሁለተኛው ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ መጋዘኑ ገና ሲጨስ። የተላከው ለጫት ነጋዴ ነው።

ልክየለሽ ጫት አትቅምም።

*

የሳህራ የጫት መሸጫ አረንጓዴ የተቀባች ጠባብ ሳጥን ናት። ከአወዳይ የመጣው ጫት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኗል። ሳህራ ወጣት ናት፤ ምላሷ ፈጣን ነው። ደንበኞቿ ዙሪያውን ቆመዋል።

«አዴር ቡራሌ! አንተም ጀመርክ? ሽበትህን አታፍርም?»

«ለእኔ አይደለም። አርብ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ከዚህ ቁጥር ተከፍሎሻል። የማን ጫት ነበር?»

ቁጥሩን አየችና መሳቅ ጀመረች።

«ይቺማ! ይቺማ አትረሳኝም። ስልኬ ጮኸ፣ ሳየው 'ልክየለሽ' ይላል። ቀና ብዬ ሳይ ከፊቴ የቆመው ማህዲ ነው! 'ማህዲ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ሐበሻ ሴት የሆንከው?' አልኩት። እዚህ የቆመው ሁሉ ሳቀበት።»

ከደንበኞቹ አንዱ አከለበት። «'ባል አግኝተሽ እንደሆን ንገሪን' ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እሱስ ምን አለ?» አለ ቡራሌ።

«ፊቱ አመድ መሰለ። 'የቢሮ ስልክ ነው፣ ተሳስቼ ነው' አለ። ሌላ ስልክ ከሌላ ኪሱ አውጥቶ እንደገና ልክፈልሽ፣ የመጀመሪያውን መልሺውና መልእክቱን አጥፊው አለኝ። የገባ ገንዘብ እንዴት ይጠፋል? ተወው አልኩት።» ሳህራ ሳቋን አቆመች። የቡራሌን ፊት እያየች ነበር። «ምን አደረገ?»

«ይህን ለዐቃቤ ሕግ ትደግሚዋለሽ?»

«ደንበኛዬ ነው እኮ።»

«አንዲት ሴት በእሱ ፋንታ ልትታሰር ነው።»

ሳህራ ጆንያውን አስተካከለች። አስተካክላው ነበር፤ ደግማ አስተካከለች።

«የዚያች የስልኩ ላይ ሴት?»

«አዎ።»

«እንግዲህ እደግመዋለሁ» አለች። «የሳቁት ሁሉ ይደግሙታል።»

*

ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ማህዲ በክላሰር የእምነት ቃሉን ይዞ መጣ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታይፕ ተደርጓል። ልክየለሽ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። ብዕሩን አወጣላት።

«እዚህ ጋ፣ ልክዬ። እዚህም ጋ።»

ብዕሩን ያዘች። ቡራሌ ወረቀቱን ከእጇ ሥር ሳበው።

«አታንብቢውም?»

«አውቀዋለሁ።»

«የመጋዘኑንም ወረቀት እንዲህ ነው የፈረምሽው?»

ጉንጯ ቀላ። ማህዲ ሰዓቱን አየ። «ኢንስፔክተር፣ ዐቃቤ ሕጓ እየጠበቁ ናቸው።»

«አርብ ስንት ስልክ ይዘህ ነበር፣ ማህዲ?»

«ምን?»

«በአንዱ ኪስህ የአንተ፣ በሌላው የእሷ። ቤንዚኑን በእሷ ከፈልክ፤ ያን አስበህበታል። ጫቱንም በእሷ ከፈልክ፤ ያንን እጅህ ነው ያደረገው።»

ማህዲ ፈገግታውን አላጠፋም። ግን ከፊቱ ጋር አልሄደም።

«ሳህራ ቃሏን ሰጥታለች። የሳቁብህ ሦስት ሰዎችም ሰጥተዋል። ሰሀል ስልኩን ሐሙስ ወስደኸው ቅዳሜ እንደመለስክ ተናግሯል። ኹጥባ ላይ ከጎኑ የነበርክ አንድ ሰው ካለ አምጣው። እጠብቃለሁ።»

«እኔ ምን እጠቀማለሁ? ጎማው የእኔ አይደለም።»

«ማኅተሙ ያንተ ነው። የዚህን መጋዘን ጎማ ቢቆጥሩ ማኅተምህ ያለበትን መጋዘን ሁሉ ይቆጥሩ ነበር። ሰሀል መቀጫ ከፍሎ ይተርፋል። አንተ ግን አትተርፍም።»

ማህዲ ወደ ልክየለሽ ዞረ። በአማርኛ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ልክዬ፣ ንገሪው። ወይስ አርብ አርብ የት እንደምትውሉ እኔ ልንገረው?»

ልክየለሽ ብዕሩን ጣለችው። ቀለሙ የሄደ ፊቷን ወደ ቡራሌ አዞረች።

«ምሳ እንደሚበሉ አውቃለሁ» አለ ቡራሌ። «ሄጄ አይቻለሁ። ሌላ የምትነግረኝ ነገር አለህ?»

ማህዲ ክላሰሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ጠበቃ እስኪመጣለት ድረስ አልተናገረም።

ልክየለሽ አለቀሰች። ቡራሌ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«አሁን የእውነቱን ንገሪኝ። ጎማውን ቆጥረሽዋል?»

«አልቆጠርኩም። ሰሀል 'እዚህ ፈርሚ' አለኝ፣ ፈረምኩ። እንደማይሞላ ጠርጥሬ ነበር። ሥራዬን ፈራሁ።»

«ይህንንም ዳኛው ይጠይቅሻል።»

«ስንት ይፈርዱብኛል?»

«አላውቅም። እንደ ሰሀል አይደለሽም። ንጹሕም አይደለሽም።»

*

ዐቃቤ ሕጓ ቢላን ፋይሉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች።

«ልክየለሽ እሳቱ ሲነሳ የት እንደነበረች አልጻፍክም።»

«መጋዘኑ ጋ አልነበረችም።»

«የት ነበረች ነው የምልህ።»

«ምሳ እየበላች።»

«ከማን ጋር?»

«ከሚያውቋት ሰዎች ጋር። ማስረጃው ያለ እነሱ ይቆማል። አይቆምም ካልሽ ጠይቂኝ፣ እመልሳለሁ።»

ቢላን መነጽሯን መልሳ አደረገች። ሞኝ ሴት አይደለችም። ፋይሉን ዘጋችና ማኅተሟን አሳረፈችበት።

ከሁለት ወር በኋላ ፍርዱ ወጣ። ማህዲ ለእሳቱም፣ የግብር ቢሮውን ለማሳሳቱም፣ በሰው ላይ በሐሰት ለመመስከሩም ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ሌሎች መጋዘኖችም መቆጠር ጀመሩ። ሰሀል ግብሩን ከነመቀጫው ከፍሎ አሥራ አራት ወር ታሰረ። ልክየለሽ ያልቆጠረችውን ቆጥሬያለሁ ብላ በመፈረሟ ስድስት ወር ተፈረደባት፤ በመጨረሻ እውነቱን ስለተናገረች ቅጣቱ ታገደላት። በምትኩ ለስድስት ወር ያህል በየሳምንቱ አርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጣቢያ ቀርባ እንድትፈርም ታዘዘች።

ዳኛው ይህን ቀንና ይህን ሰዓት ለምን እንደመረጠ ቡራሌ አያውቅም። ምናልባት እሳቱ የተነሳበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ምናልባት ሌላ የሚያውቀው ነገር አለ። አልጠየቀም።

የመጀመሪያው አርብ ልክየለሽ ጠዋት በሦስት ሰዓት መጣች። ትእዛዙን አጣጥፋ ይዛለች።

«ስድስት ሰዓት እንደሚል አይቻለሁ» አለች። «ምናልባት ቀድሜ ብመጣ… ካልሆነ እጠብቃለሁ። ስድስት ወር ብዙ አይደለም።»

ቡራሌ መዝገቡን ከፈተ። ስሟን ጻፈ። ሰዓቱ ጋ ሲደርስ በግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ ሦስት ሰዓት ከአምስት ብሎ ጻፈ። ከጎኑ ባለው ሰፊ ዓምድ ላይ ደግሞ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ በስድስት ሰዓት መዝገብ ያዡ ለጁምዓ መስጊድ ስለሚሆን ፊርማ የሚቀበል ሰው አይኖርም።

ወደ እሷ አዞረው። እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ዳኛው ይህን ቢያነበውስ?»

«ያንብበው። ውሸት የለበትም።»

ፈረመች። አመስግና ወጣች። በሩ ላይ ባጃጅ አስቆመች። ሾፌሩ ወዴት እንደሆነ ሲጠይቃት ቡራሌ መልሷን ሳይሰማ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ።